ጭስ ማውጫ ያላቸው ሰርጓጆች

በ1913 ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሹማምንት አንድ እንግዳ ንድፍ ቀረበላቸው። (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ንድፉ የሰርጓጅ መርከብ ነው፤ ርዝመቱ ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ ጀርባው ላይ ጭስ ማውጫ ቆሞበታል፤ ሆዱ ውስጥ እሳት የሚነድበትና ውሃ የሚፈላበት ክፍል አለ። ያቀረበው የባሕር ኃይሉ የመርከብ ንድፍ ኃላፊ ዩስታስ ቴኒሰን ዴይንኮርት ነበር። ሹማምንቱ ተመልክተው ለጊዜው ወደ ጎን አደረጉት። ምነው እዚያው በቀረ የሚያሰኝ ነገር የመጣው በኋላ ነው።

ንድፉ ከባዶ የመነጨ አይደለም። የዘመኑ አድሚራሎች ጦርነት ሲያስቡ የሚታያቸው ሁለት ታላላቅ የመርከብ ሰልፎች ሰሜን ባሕር ላይ ሲጋጠሙ ነው። ሰርጓጆች ከዋናው ሰልፍ ጋር አብረው ቢጓዙ፣ ውጊያው ሲጀመር ከጀርመን መርከቦች ጀርባ ዞረው ቢጠልቁና የመመለሻውን መንገድ በቶርፒዶ ቢዘጉት ድሉ የተረጋገጠ መሰላቸው። ችግሩ ፍጥነት ነበር። የጦር መርከቦቹ ሰልፍ በባሕረኞች መለኪያ 21 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያኔ ከነበሩት ሰርጓጆች ምርጥ የሚባሉት የ“ኢ” ምድብ መርከቦች ግን ውሃ ላይ ተንሳፍፈው እንኳ ከ15 ኖት ብዙም አያልፉም። ሰልፉ ትቷቸው ይሄዳል።

የዘመኑ የናፍጣ ሞተር ደግሞ የሚፈለገውን ጉልበት አይሰጥም። ያን ያህል ጉልበት ያለው እንፋሎት ብቻ ነበር። ፈረንሳዮች በእንፋሎት የሚሄዱ ሰርጓጆች ቀድመው ሠርተው ስለነበር ነገሩ ፈጽሞ ያልተሞከረ አልነበረም። ሆኖም የእንግሊዝን ባሕር ኃይል ከሥሩ የለወጠው፣ ለሰርጓጅ መርከብ የተሟገተው አድሚራል ጆን ፊሸር ሐሳቡን አጥብቆ ይቃወም ነበር። እንፋሎት አየር ይፈልጋል፤ አየር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ሰርጓጅ መርከብ ደግሞ ቀዳዳ አይወድም።

በ1914 ጦርነቱ ፈነዳ። ፊሸር በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ወደ ባሕር ኃይሉ ቁንጮ ሥልጣን ተመለሰ። ጀርመኖች 22 ኖት የሚሮጡ ሰርጓጆች ሠርተዋል የሚል ወሬ ነፈሰ። ወሬው መሠረት አልነበረውም፤ በጦርነት ጊዜ ግን ወሬም መርከብ ያሠራል። መጀመሪያ “ጄ” የተባለው ምድብ ታዘዘ። ሦስት የናፍጣ ሞተር ተደረገለት፤ ያም ሆኖ 19 ኖት ተኩል ላይ ቆመ። የታላቁ ሰልፍ አዛዥ ጆን ጄሊኮም ሆነ የጦር ክሩዘሮቹ አዛዥ ዴቪድ ቢቲ የጎደለችውን ጥቂት ኖት ይፈልጓት ነበር። ስለዚህ የዴይንኮርት ንድፍ ከተቀመጠበት ወጣ፤ በ1915 የ“ኬ” ምድብ መርከቦች ሥራ ተጀመረ። በባሮው ከተማ የሚገኘው የቪከርስ ኩባንያ፣ የፖርትስመዝና የዴቨንፖርት የመንግሥት መርከብ ግንባታ ጣቢያዎች፣ የግላስጎውና የሌሎች ከተሞች ግንበኞች ተከፋፈሉት።

ተሠርታ ስታልቅ መርከቧ ታስደንቃለች። ርዝመቷ 103 ሜትር ነው። ስትንሳፈፍ 1,980 ቶን፣ ስትጠልቅ 2,566 ቶን ውሃ ትገፋለች፤ ይህ ከብዙዎቹ የዘመኑ ዲስትሮየሮች ይበልጣል። ሁለቱ ቦይለሮቿ በነዳጅ ዘይት እየነደዱ ተርባይኖቿን በ10,500 የፈረስ ጉልበት ያሽከረክራሉ። ውሃ ላይ 24 ኖት ትሮጣለች፤ በዘመኑ ከነበረ ሰርጓጅ መርከብ ሁሉ ፈጣን ነበረች። ውሃ ውስጥ በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር ትሄዳለች። ቶርፒዶ መተኮሻ፣ መድፍ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ባሕረኞች አሏት። የተፈቀደላት ጥልቀት 61 ሜትር ነው። ቁጥሩን ከርዝመቷ ጋር ያስተያየ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ጅራቷ የውሃው ገጽ ላይ ሳለ አፍንጫዋን ከመጠን በላይ ካዘነበለች፣ ፊተኛው ክፍል ሰውነቷ ሊሸከመው ከሚችለው ጥልቀት በታች ይወርዳል። ይህን ያህል ረጅም አካል ደግሞ ቶሎ አይታዘዝም፤ አንዴ ማዘንበል ከጀመረ መልሶ ማቅናቱ ፈተና ነው።

“ጥለቅ” የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። መጀመሪያ የቦይለሩ እሳት ይጠፋል። ወደ ተርባይኖቹ የሚሄደው እንፋሎት ይዘጋል። ሁለቱ ጭስ ማውጫዎች በኤሌክትሪክ ሞተር ጎንበስ ብለው ጀርባዋ ላይ በተሠራላቸው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛሉ፤ ሥራቸው በክዳን ይደፈናል። ከዚያ ለቦይለሩ ክፍል አየር የሚያስገቡት አራት መግቢያዎች ይዘጋሉ። እያንዳንዳቸው ወደ 94 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው፤ ሰው ከነልብሱ ያልፍባቸዋል። በመጨረሻ ኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ሥራውን ይረከባሉ፤ የውሃ ጋኖቹ ይከፈታሉ፤ መርከቧም ትወርዳለች። ይህ ሁሉ በተለመደው አሠራር አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አነስተኛ ሰርጓጆች ጠላት ሲያዩ ከዚህ እጅግ ባነሰ ጊዜ ይሰወራሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ ከቦይለሩ ክፍል አይወጣም፤ የሚወጣበት ቀዳዳ ተዘግቷልና። ከእነዚያ ክዳኖች አንዲቱ በጠጠር ወይም በሽቦ ቁራጭ ተይዛ ሳትገጥም ብትቀር የሚሆነውን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

መጀመሪያ ያለቀችው ኬ3 በ1916 ለሙከራ ወጣች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ በኋላ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የሆነው ወጣቱ ልዑል አልበርት ተሳፍሮባት ሳለ ፖርትስመዝ አጠገብ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ታች እንደወረደች ይተረካል። ጭቃ ውስጥ ተተከለች፤ ጅራቷና መዘውሮቿ ከውሃው በላይ አየር ላይ ይሽከረከሩ ነበር። እንደምንም ተላቅቃ ወጣች፤ ልዑሉም ተረፈ። ኬ2 የመጀመሪያ የመጥለቅ ሙከራዋን ስታደርግ እሳት ተነሳባት። ኬ6 ዴቨንፖርት ላይ ጠልቃ አልነሳ ብላ ሰዎቹን ከሥር ይዛ ቆየች። በማዕበል ጊዜ ደግሞ ውሃው በጭስ ማውጫው እየገባ የቦይለሩን እሳት ያጠፋ ነበር። ፊታቸው ዝቅ ያለ ስለነበረ ሲሮጡ ማዕበሉ ላይ ከመውጣት ይልቅ ይሰነጥቁትና ይጠልቁበት ነበር፤ በኋላ ከፍ ያለ ጉብ ፊት ተሠራላቸው። ባሕረኞቹ በእንግሊዝኛ በ“ኬ” ፊደል የተጻፈ “መዓት” የሚል ቅጽል ለማውጣት ጊዜ አልወሰደባቸውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ በሳቅ ሊታለፍ ይችል ነበር። ጥር 29 ቀን 1917 ግን ሳቁ ቆመ።

ኬ13 የተሠራችው ግላስጎው ጎቫን ሰፈር፣ በፌርፊልድ ኩባንያ ነው። የዚያን ቀን የመጨረሻ ሙከራዋን ለማድረግ ጌርሎክ ወደተባለው የስኮትላንድ የባሕር ወሽመጥ ገባች። 80 ሰዎች ተሳፍረዋል። 53ቱ የራሷ ባሕረኞች ናቸው፤ ቀሪዎቹ የኩባንያው ሠራተኞች፣ የባሕር ኃይሉ ተቆጣጣሪዎች፣ መንገድ መሪና በግንባታ ላይ ካለችው ከኬ14 ለመማር የመጡ ሁለት መኮንኖች። አዛዡ ጎድፍሬይ ሄርበርት ይባላል፤ በ1914 ዲ5 የተባለች ሰርጓጁ ፈንጂ መትቷት ስትሰጥም ከባሕር የተረፈ ሰው ነው። ከእንግዶቹ አንዱ የኬ14 አዛዥ ፍራንሲስ ጉድሃርት ነበር።

ጠዋት ጠልቃ በሰላም ወጣች። ምሳ ተበላ። ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ በድጋሚ እንድትጠልቅ ታዘዘ። እንደጀመረች ከኋላ ውሃ ገባ። ሄርበርት የውሃ ጋኖቹን በታመቀ አየር አስነፋ፤ ከባዱን ማረጋጊያ ብረት ከሥር አስጣለ፤ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። መርከቧ ጅራቷን ይዛ ወርዳ 17 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ጭቃው ላይ ተኛች። በቦይለርና በሞተር ክፍል የነበሩት 31 ሰዎች አለቁ። ከመካከላቸው ሁለቱ በሞተር ክፍሉ መውጫ አምልጠው ውሃው ላይ ብቅ ብለው ነበር። ከባሕሩ ዳር አንድ ሆቴል የምትሠራ ገረድ በመስኮት አየቻቸው፤ ተናገረች፤ የሰማት አልነበረም። ሁለቱም ሞቱ፤ የአንደኛው አስከሬን የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ፊት በነበረው ክፍል 49 ሰዎች በሕይወት ነበሩ። ጨለማ ነው፤ ቅዝቃዜ ነው፤ አየሩ ከሰዓት ሰዓት እየከበደ ሄደ። አብራ የነበረችው ኢ50 የተባለች ሰርጓጅ ዘይትና የአየር አረፋ አይታ ጠረጠረች፤ የነፍስ አድን መርከብ የደረሰው ግን እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ያኔ ለዚህ ዓይነት አደጋ የተዘጋጀ መሣሪያ አልነበረም። ጠላቂዎች ወርደው የመርከቧን አካል በመዶሻ መቱ፤ ከውስጥ መልስ መጣ።

ሄርበርትና ጉድሃርት አንድ ነገር ወሰኑ። አንዱ በመቆጣጠሪያ ማማው በኩል ወጥቶ ከላይ ላሉት የመርከቧን ሁኔታ ይንገር፤ ያለዚያ ሁሉም ታፍኖ ያልቃል። የሚወጣው ጉድሃርት ነው፤ ሄርበርት ክዳኑን ይከፍትለትና ይመለሳል። ሁለቱ ማማው ውስጥ ገቡ፤ ውሃ እስከ ወገባቸው አስገቡ፤ የታመቀ አየር ለቀቁ። ክዳኑ ሲከፈት አየሩ ጉድሃርትን ወደ ላይ ወረወረው፤ ጭንቅላቱ ከብረት ጋር ተጋጨ፤ እዚያው ቀረ። መመለስ የነበረበትን ሄርበርትን ግን ያው አየር አንስቶ በሕይወት ባሕሩ ላይ አወጣው። ያሰበው ሰው ሞተ፤ ያላሰበው ተረፈ። መልእክቱ ግን ደረሰ። የአየር ቱቦ ተገጠመ፤ የመርከቧ ፊት በሽቦ ገመድና በታመቀ አየር ተነስቶ ከውሃው በላይ ብቅ አለ፤ ብረቱ በእሳት ተቆረጠ። የመጨረሻው ሰው ጥር 31 ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲወጣ አደጋው ከደረሰ ከሁለት ቀን በላይ ሆኖ ነበር። 48 ሰዎች ተረፉ፤ 32 ሞቱ። ጉድሃርት ከሞተ በኋላ የአልበርት ሜዳልያ ተሰጠው።

መርማሪዎች ያገኙት አጭር ነው። አራቱም የአየር መግቢያዎች ክፍት ነበሩ። ፊሸር ከዓመታት በፊት የፈራው ቀዳዳ አልተዘጋም። ጥፋቱ ለሰው ተሰጠ፤ ለእኔ ግን አራት የሰው ቁመና የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ሰርጓጅ ሠርቶ የረሳውን ሰው መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። መርከቧ በመጋቢት ወጥታ ታደሰች። ባሕረኛ 13 ቁጥርን ስለሚፈራ ይሁን ስሟ ስለጎደፈ፣ ኬ22 ተባለች። ይህችን ኬ22 አንባቢ ይያዝልኝ፤ ገና እንገናኛለን።

የቀረው 1917 ያለቀው በአሰሳ ነው። ከምድቡ ሁሉ ከጠላት ጋር የተጋጠመችው ኬ7 ብቻ ናት፤ ታሪኩም እንዲህ ነው። በሰኔ ወር መጀመሪያ የራሷ ወገን ዲስትሮየሮች ጀርመን መስለዋቸው ፈንጂ ጣሉባት። ከዚያ ተርፋ ሰኔ 16 ቀን ዩ-95 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ አገኘች፤ ቶርፒዶ ተኮሰች፤ ቶርፒዶው ኢላማውን በትክክል መታ። ግን አልፈነዳም። ጀርመኑ መንገዱን ቀጠለ። በኅዳር ደግሞ ዴንማርክ ጠረፍ አጠገብ ኬ1 ከኬ4 ጋር ተጋጨች፤ ጎትቶ ማውጣት ስላልተቻለ እንግሊዞች በራሳቸው መድፍ አሰመጧት። ጥሎባት የወገን መርከብ የወጋት የመጀመሪያዋ ኬ መሆኗ ነው፤ የመጨረሻዋ ግን አልነበረችም።

ጥር 31 ቀን 1918፣ የኬ13 የመጨረሻ ሰው ከወጣ ልክ አንድ ዓመት በሞላው ምሽት፣ ከስኮትላንድ ሮዛይት ወደብ 40 የሚያህሉ መርከቦች ለልምምድ ወጡ። ከስካፓ ፍሎው የባሕር ኃይል ሰፈር ከሚመጣው ዋና ሰልፍ ጋር ሰሜን ባሕር ላይ ሊገናኙ ነው። አዛዡ ምክትል አድሚራል ሂው ኢቫን-ቶማስ ኮሬጀስ በተባለችው መርከብ ከፊት ይመራል። ቀጥሎ ኢቱሪየል የምትባል መሪ መርከብና ከኋላዋ አምስት ሰርጓጆች፤ ኬ11፣ ኬ17፣ ኬ14፣ ኬ12 እና ኬ22። ከእነሱ በስተኋላ አውስትራሊያና ኢንፍሌክሲብል ያሉባቸው አራት የጦር ክሩዘሮች። ከዚያ ፊርለስ የምትባል ክሩዘርና ኬ4፣ ኬ3፣ ኬ6፣ ኬ7። መጨረሻ ላይ ታላላቆቹ የጦር መርከቦች ከነዲስትሮየሮቻቸው። ሰልፉ ከፊት እስከ ኋላ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይዘልቅ ነበር።

አካባቢው የጀርመን ሰርጓጅ ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ስለተጠረጠረ ሬዲዮ ተከልክሏል። እያንዳንዱ መርከብ ያለው መብራት ጅራቱ ላይ የተሸፈነች አንዲት ደብዛዛ መብራት ብቻ ናት፤ ከኋላ ያለው እሷን እያየ ይከተላል። ሮዛይት ካለበት ወሽመጥ አፍ ላይ ካለችው የሜይ ደሴት ሲደርሱ ፍጥነት መጨመር አለባቸው። ጉም ደግሞ ወረደ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፎ፣ ደሴቷን እንዳለፉ፣ ከፊት መብራቶች ታዩ። ፈንጂ የሚጠርጉ አነስተኛ የአሣ ማጥመጃ ጀልባዎች ነበሩ፤ ታላቅ ሰልፍ እንደሚያልፍ የነገራቸው የለም። ሰርጓጆቹ ላለመጋጨት ወደ ግራ ታጠፉ። የኬ14 መሪ በታጠፈበት ነክሶ ያዘ፤ ከመስመር ወጥታ ተጠመዘዘች። መሪው ተላቅቆ ወደ ቦታዋ ልትመለስ ስትል፣ መስመሩን በጉም ያጣችው የመጨረሻዋ ሰርጓጅ በሙሉ ፍጥነት መጥታ ፊቷን ቆረጠቻት። መቺዋ ኬ22 ነበረች፤ የጌርሎኳ ኬ13። ኬ14 ውስጥ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱም መርከቦች በጨለማው ቆሙ።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል እንዳለፈ የጦር ክሩዘሮቹ ደረሱ። 17,000 ቶን የምትመዝነው ኢንፍሌክሲብል ኬ22ን ጨፍልቃ አለፈች፤ የፊቷን 9 ሜትር በቀጤ ማዕዘን አጥፋ፣ የጎን ጋኖቿን ገፍፋ፣ ሳትቆም ሄደች። የኬ22 ፊት ጠልቆ ማማዋ ብቻ ቀረ፤ እሷ ግን አልሰጠመችም። ይህች መርከብ ለመሞት ያላት እምቢታ ይገርማል።

የሬዲዮው ዝምታ ተሰብሮ የአደጋው ዜና በምስጢር ፊደል ኢቱሪየል ደረሰ። እዚህ ላይ ነው አንድ አደጋ ወደ እልቂት የተለወጠው። የኢቱሪየል አዛዥ የተጎዱትን ለመርዳት ሦስቱን ቀሪ ሰርጓጆች አስከትሎ ወደ ኋላ ዞረ። አሳቡ የሰው ነው፤ መንገዱ ግን ከኋላ በሚመጣው ሰልፍ መካከል ነበር። አውስትራሊያ ኬ12ን ለጥቂት ሳተቻት። ከክሩዘሮቹ አምልጠው ሲወጡ ሁለተኛው የሰርጓጅ ቡድን ፊት ለፊት መጣ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ ፊርለስ ኬ17ን ከጎን ወጋቻት። ኬ17 በደቂቃዎች ውስጥ ወረደች፤ ሰዎቿ ግን አብዛኞቹ ዘለው ባሕር ገቡ። ፊርለስ ስትቆም ከኋላዋ ያሉት ሁሉ ለመቆም ተራወጡ። ኬ4 ቆመች፤ ኬ3 ለጥቂት አለፈቻት፤ ኬ6 መቆም ስላልቻለች ኬ4ን ከጎን መትታ ለሁለት ልትከፍላት ምንም አልቀራት። ኬ4 እየሰጠመች ሳለ ኬ7 በላይዋ አለፈች። ከኬ4 55 ሰዎች አንድም አልተረፈም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብዳል። የኬ17 ሰዎች በጥር ባሕር ውስጥ እየዋኙ ነበር፤ የሚያወጧቸው ወገኖቻቸው ቀርበዋል። በዚህ መካከል የታላላቆቹ የጦር መርከቦች አጃቢ ዲስትሮየሮች፣ ምንም ሳያውቁ፣ በሙሉ ፍጥነት በመካከላቸው አለፉ። ከ56ቱ ከውሃ በሕይወት የተነሱት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።

ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ግጭት እስከ መጨረሻው 75 ደቂቃ ያህል ነው የፈጀው። ሁለት ሰርጓጅ ሰጠሙ፤ አራት ሰርጓጅና ፊርለስ ክፉኛ ተጎዱ፤ 104 ሰዎች ሞቱ። ጠላት በአካባቢው አልነበረም፤ አንድ ጥይትም አልተተኮሰም። ባሕረኞች ግን “የሜይ ደሴት ጦርነት” እያሉ ይጠሩታል፤ በምሬት የተሰጠ ስም ነው።

ምርመራው በየካቲት መጀመሪያ ተከፈተ፤ አምስት ቀን ፈጀ። መኮንኖች ተወቀሱ፤ የኢቱሪየል አዛዥ ጦር ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ክሱ ሳይረጋገጥበት ተለቀቀ። ከዚያ ፋይሉ ተዘጋ። ጦርነት ስለነበር ዝምታው በዚያ ሰዓት ሊገባ ይችላል። ዝምታው ግን ጦርነቱ ካበቃ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ቀጠለ፤ ስለ ምሽቱ በሰፊው መነገር የጀመረው ብዙዎቹ ተራፊዎች ካለፉ በኋላ ነው።

ስለ ሜይ ደሴት ምሽት ሲነሳ ለኬ መርከቦች የሚከራከሩ ሰዎች፣ ያን ሌሊት እንፋሎት ማንንም አልገደለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። የገደለው የነከሰ መሪ፣ ጉም፣ የጨለመ መብራትና የተሳሳተ መዞር ነው። ነገር ግን ዝቅ ብለው የሚንሳፈፉ፣ ከሩቅ የማይታዩ፣ ለመታጠፍ ጊዜ የሚፈጅባቸው ሰርጓጆች በሌሊት በታላላቅ የጦር መርከቦች መካከል በ20 ኖት እንዲሮጡ ያደረጋቸው ያው የ1913 ምኞት ነው። ቦይለሩን የወለደውም እሱ፣ ሰልፍ ውስጥ ያሰለፋቸውም እሱ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ያለው ቶሎ ይነገራል። ጥር 20 ቀን 1921 ኬ5 ከሲሊ ደሴቶች ደቡብ ምዕራብ በልምምድ ውጊያ ላይ “እጠልቃለሁ” ብላ ምልክት ሰጥታ ጠለቀች፤ አልተመለሰችም። 57ቱም ሰዎች ጠፉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ኬ15 ፖርትስመዝ ወደብ ላይ ታስራ እንደቆመች ሰጠመች። የቀኑ ሙቀት የሃይድሮሊኩን ዘይት አስፋፋው፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ መልሶ አኮማተረው፤ ግፊቱ ሲወርድ የጋኖቹ መክፈቻዎች በገዛ ራሳቸው ተከፈቱ። የሞተ የለም፤ ግን ማንም ሳይነካት ወደብ ላይ የምትሰጥም መርከብ ይዞ መቀጠል ለማንም ባሕር ኃይል ያስቸግራል።

ከታዘዙት ኬዎች አንዳንዶቹ ቀርተው በ“ኤም” ምድብ መርከቦች ተተክተው ነበር፤ እንፋሎታቸው በናፍጣ ተተካ። ዕድላቸው ግን ብዙም አልተለወጠም። 305 ሚሊ ሜትር መድፍ የተሸከመችው ኤም1 በ1925 ጠልቃ ሳለ አንድ የስዊድን የንግድ መርከብ መታት፤ 69 ሰዎች ጠፉ። አውሮፕላን እንድትሸከም የተደረገችው ኤም2 በ1932 ከ60 ሰዎች ጋር ሰጠመች፤ የአውሮፕላኑ ቤት በር ክፍት ሆኖ ተገኘ። እንደገና ያልተዘጋ በር።

ሌሎቹ ኬዎች በ1920ዎቹ ለቁራጭ ብረት ተሸጡ። ኬ22ም በሰው እጅ እንጂ በባሕር አልጠፋችም። አንዲት ብቻ ቀረች፤ ከስህተቱ ሁሉ ተምረው በ1923 ያጠናቀቋት ኬ26። ከፍ ያለች፣ የተሻለች፣ እስከ ሲንጋፖር የተጓዘች መርከብ ነበረች። የ1930ው የለንደን የባሕር ኃይል ስምምነት ለሰርጓጆች የክብደት ወሰን ሲያወጣ እሷ ከወሰኑ በላይ ሆና ተገኘች፤ በ1931 ማልታ ላይ ፈረሰች። የናፍጣ ሞተር አድጎ የሚቀራረብ ፍጥነት ያለ ቦይለር መስጠት ችሎ ነበር።

ከኬ13 ተራፊዎች አንዱ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው ቻርልስ ፍሪስቶን፣ ወደ አውስትራሊያ ተሰድዶ ሀብት አፈራ። ለጓደኞቹ መታሰቢያ የሚሆን ሐውልት ሲድኒ አጠገብ ካርሊንግፎርድ በምትባል ሰፈር በገንዘቡ አሠራ፤ በ1961 ተመረቀ። ለሜይ ደሴት ሟቾች ግን የድንጋይ መታሰቢያ የቆመላቸው በ2002 ነው፤ ደሴቷ ፊት ለፊት ከምትታየው ከአንስትራዘር ወደብ፣ ልክ በ84ኛው ዓመት መታሰቢያ ቀን። በ2011 ለነፋስ ኃይል ማመንጫ የባሕሩን ወለል ያጠኑ ባለሙያዎች የኬ4ንና የኬ17ን ስብርባሪ በሶናር አንስተው ምስሉን ይፋ አደረጉ።

ኬ13 የሰጠመችበት ጌርሎክ ዛሬ ፋስሌን የሚባለው የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከቦች ዋና ሰፈር ያለበት ነው። እዚያ የሚገቡትና የሚወጡት የኒውክሌር ሰርጓጆች ሁሉም በእንፋሎት ተርባይን ይሄዳሉ። ሙቀቱን የሚያገኙት አየር ከማይፈልግ ሪአክተር ስለሆነ ጭስ ማውጫ የላቸውም።